ፋይሌ የት ደረሰ?

(ሀዋሳ ላይ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለምርምር ቢሮ ሠራተኞች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ)

ደህና አደራችሁ።

እንደምታዩት መብራት የለም። ሠላሳ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ላፕቶፔ ባትሪ አለው፤ ፕሮጀክተሩ ግን የለውም። ስለዚህ ዛሬ በአፌ ብቻ ነው የማወራው። ስለ ሶፍትዌር ሊያወራ የመጣ ሰው ሶፍትዌሩን ማሳየት ሲያቅተው ያስቃል። ሳቁ፣ አልቀየምም።

የመጣሁት ስለ ምርምር ገንዘብ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ልነግራችሁ ነው። ጥሪ የሚወጣበት፣ ፕሮፖዛል የሚገባበት፣ ገምጋሚ ነጥብ የሚሰጥበት፣ ውል የሚፈረምበት፣ ገንዘብ የሚለቀቅበትና ሪፖርት የሚጠየቅበት አንድ ቦታ ማለት ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ ቢሮ «ሲስተሙ» ነበር የምንለው። እዚህ አገር ደግሞ ይሄ ቃል ስሙ ጠፍቷል። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም የለም።

ለዓመታት የሠራሁት ለተመራማሪዎች ገንዘብ በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ከምነግራችሁ ጥፋት አብዛኛው የራሴም ስለሆነ መሥሪያ ቤቱን ማማት አልፈልግም።

እዚያ ስቀጠር ሲስተም አልነበረም። እትዬ ነበሩ።

የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ፕሮፖዛል በሦስት ኮፒ ይመጣል። እትዬ ማህተም መትተው ቁጥር ይሰጡታል። በትልቁ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉታል። ክላሰር ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ ፋይሉ ጉዞ ይጀምራል። ዳይሬክተሩ ይመሩታል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ለገምጋሚ ይላካል፣ ይመለሳል። ወይም አይመለስም።

አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጣ። ሌሊት ነው የተነሳው፤ የመንገዱ አቧራ ጫማው ላይ ነው። ኮሪደር ላይ ያዘኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ፋይሌ የት ደረሰ?» አላውቅም። ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ፤ እሳቸውም አያውቁም። ፋይናንስ ጠየቅኩ፤ «እኛ ጋ አልመጣም» አሉኝ። መጨረሻ ላይ እትዬ ጋ ሄድን። ቀና እንኳ ሳይሉ «ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው ቢሮ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከስኳሩ ካርቶን በታች» አሉ። ወጣን። ካርቶኑን አነሳሁ። ነበር። አራት ወር ሙሉ የሻይ ስኳር ተጭኖት ነበር።

ያን ቀን በጣም ሳቅን። በኋላ እትዬ ታመው ሁለት ወር ቀሩ። ሳቁም ቆመ። ማን ምን እንዳስገባ፣ የማን ውል እንዳለቀ፣ የማን ሁለተኛ ክፍያ እንደተያዘ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ጠፋ። ሲስተማችን ታሞ ቤቱ ተኝቷል።

እንግዲህ የማምነውን ልንገራችሁ። ሶፍትዌር ሻጮች «ሥራ ያፋጥናል» ይሏችኋል። ፍጥነቱን እርሱት። ትልቁ ጥቅሙ «ፋይሌ የት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ መኖሩ ነው። ብዙ ቢሮም ሶፍትዌሩን የሚጠላው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ፋይሉ ማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ያወጣዋል። ስኳር የሚጫንበት ቦታ የለም።

የውጪውን ቶሎ ልለፈው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በዓመት 40,000 ገደማ ፕሮፖዛል ይቀበላል። ይህን በክላሰር መያዝ አይታሰብም። ፋስትሌይን የሚባል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጀመረ። በ2023 ዘጋውና ሪሰርች ዶት ጎቭ ወደሚባለው ጠቅልሎ ገባ። አሮጌውና አዲሱ ለዓመታት ጎን ለጎን ነው የሄዱት። ገንዘብም ባለሙያም ሞልቶ የተረፈው መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ከፈጀበት፣ እኛ «በስድስት ወር ይጠናቀቃል» ብለን ውል ስንፈርም ምን ነክቶን እንደነበር እንጃ። የእንግሊዞቹ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ዩኬአርአይም ጄስ የሚባለውን አሮጌ ሲስተሙን ትቶ ወደ አዲስ የዞረው በቅርብ ዓመታት ነው። በእኛ አህጉር የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ የምርምር ፋውንዴሽን ማመልከቻ የሚቀበለው በኦንላይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሳይንስ ድጋፍ ሰጪ ምክር ቤቶች ኢኒሼቲቭም ኢትዮጵያን ጨምሮ 15 የአፍሪካ አገሮችን ይዞ ነው የተነሳው። ከሥራዎቹ አንዱ ይሄው የምርምር ገንዘብ አያያዝ ነው። ወደ ቤታችን እንመለስ።

ሲስተሙ የገባ ዓመት ትልቁን ስህተት ሠራን። ወረቀቱን አልተውነውም።

አመልካቹ ኦንላይን ይሞላል። ከዚያ ያትመዋል። ያስፈርመዋል፣ ማህተም ያስመታዋል፣ በሦስት ኮፒ ያመጣዋል። እኛ ደግሞ ያመጣውን ወረቀት ስካን አድርገን መልሰን ሲስተሙ ላይ እንጭነዋለን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኛ ሞከርነው። ኃላፊዎቹ የሚያምኑት ወረቀቱን ስለሆነ ውሳኔው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሲስተሙ ላይ የሚገባው ሲመች ነው። በሦስተኛው ወር ሲስተሙ «በግምገማ ላይ» የሚለው ፕሮጀክት ገንዘቡን ተቀብሎ፣ መኪና ተከራይቶ፣ መስክ ወጥቷል። አንድ ጊዜ እንዲህ የዋሸ ሲስተም ማን መልሶ ያየዋል? ሰው ወደ ድሮው ተመለሰ። ኮሪደር ላይ መጠየቅ።

«ማህተም ከሌለው ሕጋዊ አይደለም» የሚለውን ክርክር ስንት ስብሰባ ላይ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል። አዋጁን ኮፒ አድርጌ ለሁሉም አደልኩ። አንድ ኃላፊ ረጋ ብለው አነበቡትና «ጥሩ ነው፤ ይሄ ኮፒ ግን ማህተም የለውም» አሉኝ።

አሁን ወደ ቀንና ሰዓት ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትታዘቡኝ፤ ብዙ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ ነው።

የገዛነው ሶፍትዌር የተሠራው ባሕር ማዶ ነው። የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። በጀት ዓመቱ በጃንዋሪ ይጀምራል። የእኛ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለእሱ ይህ ጁላይ 8 ነው። የእሱ ሩብ ዓመትና የእኛ ሩብ ዓመት አይገጥሙም። ጳጉሜን ጭራሽ የለችም። አንድ ሰው ጳጉሜን 3 ቀን የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞ መጥቶ ወሯን ከዝርዝሩ ውስጥ ሲፈልግ አየሁት። ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። «ሴፕቴምበር 8 ብለህ አስገባው» አልኩት። አስገባው። በዓመቱ ኦዲተር መጣና «ደረሰኙ ላይ ያለው ቀንና ሲስተሙ ላይ ያለው ቀን አይገናኝም» ብሎ ጻፈበት።

አንዲት ተመራማሪ ደግሞ ፕሮጀክቷ የሚጀምርበትን ቀን ተጠየቀች። መስከረም 1 ቀን 2017 ነው። 01/01/2017 ብላ ሞላች። ልክ ናት፤ በእኛ አቆጣጠር። ሲስተሙ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ብሎ ተረዳው። በማግስቱ ኢሜይሏን ስትከፍት የመጀመሪያ ሪፖርቷ ከሰባት ዓመት በላይ እንደዘገየ የሚያስጠነቅቅ ቀይ መልእክት ተቀምጧል። ገና የመጀመሪያ ክፍያዋ አልደረሳትም! እየተንቀጠቀጠች ነው የደወለችልኝ።

ሰዓቱ ይብሳል። ጥሪያችን «እስከ 5፡00 ፒ.ኤም.» ይል ነበር። ሶፍትዌሩ ራሱ ነው እንደዚያ የሚጽፈው። አንድ ጎበዝ ወጣት መምህር ይህን አምስት ሰዓት ማታ ብሎ ያዘው። እራቱን በላ። ልጆቹን አስተኛ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቡናውን ይዞ ላፕቶፑን ሲከፍት ጥሪው ከተዘጋ አራት ሰዓት ሆኖታል። የሁለት ዓመት ልፋት ነው። በማግስቱ ደወለልኝ፤ አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት» ብለን በቀይ መጻፍ ጀመርን። አንድ መስመር ነበር የጎደለው።

የአውሮፓ ኅብረትን ጥሪ የምትሞክሩ ካላችሁ ይህችን ያዙ። እዚያ አብዛኛው ጥሪ የሚዘጋው በብራስልስ ሰዓት 17፡00 ላይ ነው። በእነሱ የብርድ ወራት ያ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በሙቀቱ ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ለእኛ 12 ሰዓት ይሆናል። የአሜሪካው ፋውንዴሽን ግን የሚቆጥረው በአመልካቹ ተቋም የአካባቢ ሰዓት ነው። ይህን ሳነብ ቀናሁ። የስሌቱን ጣጣ ከአመልካቹ ጫንቃ ላይ አውርደውለታል። በሌላ በኩል ደግሞ ምሕረት የላቸውም። የፕሮጀክት መግለጫው 15 ገጽ ከተባለ 15 ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ገጹን ይቆጥራል። ለምኖ ማስገባት፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ግማሽ ገጽ ናት» ማለት የለም።

ስምም ሌላ ጉድ ነው።

ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። አንዱ የአባቱን ያስገባል፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዱ ግራ ሲገባው የራሱን ስም ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ፀሐይ በ«ቲ ኤስ» ነው የምትጻፈው በ«ኤስ» ብቻ? እንደ ጸሐፊው ነው። በአማርኛውም አልዳንም። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ለእናንተ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተር አራት ሰው ነው።

አንድ ተመራማሪ ሲስተሙ ላይ በዚህ መንገድ አራት ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ዕዳ የለባቸውም። አራተኛው ያላወራረደው ገንዘብ አለበት። አዲስ ድጋፍ ያገኘው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሰውዬው ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ፊደል ነው ያስመለጠው።

ይህን ማን ያገኘው ይመስላችኋል? እትዬ። ሲስተሙ ሲገባ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም ነበር። አማካሪዎች መጥተው ከዳይሬክተሮቹ ጋር ሁለት ሳምንት ተሰብስበው ሣጥንና ቀስት ሲሥሉ እትዬን ያስታወሳቸው የለም። አንድ ቀን ፊርማ ፈልገው መጡና ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ልጅ እኮ አራት ቦታ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላወራርድም ብሎ ያስቸገረን ነው» አሉኝ። በማግስቱ አጠገቤ ወንበር አስቀመጥኩላቸው። ለሳምንታት እሳቸው ስም እየጠሩ፣ እኔ ድርቡን አንድ ላይ እየጠቀለልኩ ሠራን። «ይሄ የዚያ ወንድም ነው፣ አትቀላቅላቸው» ይሉኛል። ይህን የሚያውቅ አማካሪ ከየት ይመጣል?

ለተመራማሪ ስም መፍትሔ አለ። ኦርኪድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ነው፤ ለእናንተ ነፃ ነው፤ 16 አሃዝ ያለው መለያ ይሰጣችኋል። ስማችሁ እንዴትም ቢጻፍ፣ ዩኒቨርሲቲም ብትቀይሩ፣ መለያው አንድ ነው። የሌላችሁ አሁን በስልካችሁ ክፈቱ። መብራት አይፈልግም፤ እኔንም ካላዳመጣችሁኝ አልቀየምም።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ አንዲት ነገር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቢሮዎቻችን ግን አሁንም በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሞልቷቸዋል። ከዚያ ቀድታችሁ ሲስተም ላይ ስትለጥፉት የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅጥልጥል ነው። አንድ ገምጋሚ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ደርሶት «የጽሑፉ አገላለጽ ግልጽነት ይጎድለዋል» ብሎ ከአሥር ሁለት ሰጠው። ሁለቱን ለምን እንደሰጠው ነው የገረመኝ።

ቅጹን ስንሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። ዕቅድ፣ ኦዲት፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ ሁሉም። ጥያቄው ከዘጠና አለፈ። ሁሉም ቀይ ኮከብ አለበት፤ ካልተሞላ አያሳልፍም። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ነጥብ መጻፍ ጀመረ። አንድ ነጥብ። ሣጥኑ ባዶ እስካልሆነ ሲስተሙ ደስ ይለዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ለበላይ አካል ሪፖርት ላወጣ «ከምርምሩ የተጠቀሙ ሰዎች ብዛት» የሚለውን ዓምድ ከፈትኩ። ነጥብ። ሰረዝ። «ብዙ»። ነጥብ። «እግዚአብሔር ያውቃል»።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያጠና አንድ ተመራማሪ ደግሞ በስድስተኛው ወሩ «የተገኘ ምርት በኩንታል» ተብሎ ተጠየቀ። እንሰት! ለእናንተ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ ዓመታት ይቆያል። ጥያቄው የተሰፋው በስንዴ ልክ ነው። ሰውዬው ታማኝ ስለሆነ «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ሲስተሙ ፕሮጀክቱን «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ብሎ ቀይ ቀባው። ነጥብ የጻፉት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው።

በኋላ ጥያቄዎቹን ወደ ሠላሳ አወረድናቸው። ለእያንዳንዱ «መልሱን ማን ያነበዋል? አንብቦስ ምን ያደርግበታል?» ብለን ጠየቅን። ባለቤት ያጣው ወጣ። ሕዝብ ግንኙነቱ እስካሁን ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ግምገማ ላይም ተምረናል። ሲስተሙ የጥቅም ግጭትን በራሱ መንገድ ያጣራል። አመልካቹና ገምጋሚው አንድ ተቋም ውስጥ ከሆኑ ያስጠነቅቃል። አበልጅነትን ግን አያውቅም። አብሮ አደግነትን አያውቅም። በአንዳንድ ዘርፍ አገሪቱ ያላት ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስም ብትደብቁ እንኳ ገምጋሚው ከሁለተኛው አንቀጽ አያልፍም፣ ያውቀዋል። ስለዚህ «አመልካቹን አውቀዋለሁ» የምትል ሣጥን ጨመርን። ማንም አልነካትም። አውቀዋለሁ ማለት ጥፋት ማመን መሰላቸው። ጥያቄዋን «ከአመልካቹ ጋር እንዴት ትተዋወቃላችሁ?» ወደሚል ቀየርናት። ያኔ ሰው ዘረገፈው። አንዱ «ሚዜዬ ነበር» ብሎ ጻፈ።

በነገራችን ላይ የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት ለአንድ ዓይነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ዕጣ ማውጣት ጀመረ። መመዘኛውን ያለፉት ሁሉ ይገባሉ፤ ከዚያ እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው። የእንግሊዙ ብሪቲሽ አካዳሚም በ2022 በአነስተኛ ድጋፎቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር ጀምሯል። ይህን ቢሮ ውስጥ ባነሳ «ቀልደኛ» ተባልኩ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አሁን ገንዘቡ። ሲስተም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማመልከቻ ማስገቢያውን ነው። ማመልከት ሦስት ሳምንት ነው፤ ማወራረድ ሦስት ዓመት ነው።

ገንዘቡ በዙር ይለቀቃል። ሁለተኛው ዙር የሚለቀቀው የመጀመሪያው ሲወራረድ ነው። አንድ ተመራማሪ ገጠር ወርዶ ከገበሬ ናሙና ገዛ። ገበሬው ደረሰኝ ከየት ያምጣ? መኪና የማይገባበት ቦታ ስለሆነ በቅሎ ተከራየ። ባለ በቅሎው ቲን ቁጥር የለውም። በወረቀቱ ዘመን ይህ በሰው ይፈታ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ነገሩ ይገባዋል፤ ምስክር አስፈርሞ ያሳልፈዋል። ሲስተሙ ግን «ደረሰኝ ያያይዙ» ብሎ ቆሟል። ካላያያዝክ ቀጣዩ ገጽ አይከፈትም። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ታገለና መጨረሻ ላይ ያላደረበትን ሆቴል ደረሰኝ አያያዘ። አስቡት። እውነተኛ ወጪ ያወጣን ሰው ሐሰተኛ ወረቀት እንዲፈልግ ያደረግነው እኛ ነን። ቅጹን ያጸደቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የምስክር ቃል የሚያያዝበት ቦታ ለመክፈት የፈጀብን አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ያንን ከሰዓት ያገኘነው ግን ከዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ሲስተሙ የካሰኝም ያው ገንዘቡ ላይ ነው።

ሰኔን ታውቁታላችሁ። ያልወጣ በጀት ተመላሽ ስለሚሆን ሁሉም ሰኔ ላይ ይገዛል። ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወርጄ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ከበው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ቁርጥራጭ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ሰኔ ላይ አቅራቢዎች ፋይናንስ በር ላይ የሚቆሙት አቋቋም ቁርጥ ያ ነው።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ሲስተሙን ከፍቼ ገንዘባቸውን ያልነኩትን ፕሮጀክቶች አወጣሁ። አሥራ አንድ ናቸው። በድሮው አሠራር ይህን የምናውቀው ሰኔ 25 ነበር፤ ያኔ ደግሞ መሰዳደብ እንጂ መርዳት አይቻልም። ጥር ላይ ግን ስልክ አንስቼ «ምን ቸገረህ?» ማለት ቻልኩ። የመጀመሪያው «ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ፤ ኬሚካሉን የሚያስመጣው ደግሞ አንድ ድርጅት ብቻ ነው» አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ ስደርስ መልሱን እኔው ቀድሜ እናገር ነበር። አንድ ተመራማሪ ብቻውን መጥቶ ይህን ቢል «ሰነፍ» ይባላል፤ ሲባልም ኖሯል። አሥራ አንድ ቀይ መስመር አትሜ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ግን የግዢ ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። በወሩ ለእንዲህ ያለ ዕቃ የተለየ አሠራር ተፈቀደ። ይህ ነገር ለዓመታት እዚያው ነበር። ማንም አንድ ላይ ሆኖ አላየውም እንጂ።

እዚህ ላለው ምርምር ቢሮ አንድ ነገር ልበል። በብዙ አገር ሲስተም ላይ ተመራማሪው «ላክ» ብሎ ሲጫን ፕሮፖዛሉ የሚሄደው ወደ ገንዘብ ሰጪው አይደለም፤ ወደ እናንተ ነው። እናንተ አይታችሁ ካላሳለፋችሁት አልገባም። ደቡብ አፍሪካም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከዋናው ቀነ ገደብ ቀደም ያለ የራሳቸው የውስጥ ቀን አላቸው። እኛ ዘንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥልጣን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠ። የመጨረሻው ቀን ላይ ሰውዬው ለቅሶ ሄደ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰባት ፕሮፖዛል እሱ ገጽ ላይ ቆሞ ሌሊቱ አለፈ። ተወካይ መዝግቡ። ሰው ይታመማል፣ ይደገሳል፣ ይሞታል። ተመራማሪዎች ደግሞ ጽሑፋችሁን መጀመሪያ ኮምፒዩተራችሁ ላይ ጻፉና ከዚያ ገልብጡት። ትንሽ ከቆያችሁ ያስወጣችኋል፤ መብራቱም እንደምታዩት ነው።

የሶፍትዌሩ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ለሦስት ዓመት ረጂ ድርጅት ከፈለልን። አራተኛው ዓመት ላይ ፕሮጀክቱ አለቀ፤ የውጭ ምንዛሬ ወረፋው አላለቀም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ሲስተሙ አይከፈትም። ለሦስት ሳምንት ዝግ ነበር። የአመልካቹ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ፣ የገምጋሚው አስተያየት፣ ሁሉም የት እንዳለ እንኳ በማናውቀው ሰርቨር ውስጥ ተቀምጧል። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከውል በፊት ማንሳት ግድ ነው። ያኔ ማንም አላነሳውም። «በፈለግኩት ቀን መረጃዬን በሙሉ በኤክሴል አውርጄ መውጣት እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

በነዚያ ሦስት ሳምንታት ኮሪደሩ እንደ ድሮው ሞላ። «ፋይሌ የት ደረሰ?» ወደ እትዬ ወረድኩ። መሳቢያቸውን ከፈቱ። ትልቁን መዝገብ አወጡ። ወረቀት ቀርቷል ብለን ካወጅን በኋላ እንኳ በየቀኑ እየጻፉበት ነበር። «ለራሴ ነው» አሉ፣ ትንሽ አፍረው። ወረቀትና ሲስተም አብረው አይሄዱም እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራችሁ እንደነበር አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ የሆነው ይሄ ነው። ሲስተሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሠራነው ሥራ በየሳምንቱ ዓርብ ሙሉ መረጃውን ወደ ራሳችን ኮምፒዩተር ማውረድ ነው።

አሁን ጥያቄ ካለ ልቀበል።

(እዚህ ላይ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት መምህር ተነሱ። «እትዬ አሁን የት ናቸው?» ብለው ጠየቁ።)

ጡረታ ወጥተዋል። ደህና ናቸው። ለዓመት በዓል ደውዬላቸው ነበር። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ባለ አራት ስሙ ልጅ አወራረደ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ባለፈው ዓመት አወራረደ» አልኳቸው።

«የትኛው?» አሉኝ።